ከ«አልተገኘም» በስተጀርባ፦ በመጠጥ ውስጥ ያለ የፀረ-ተባይ ቅሪት እንዴት ይፈለጋል?

እንደምን አላችሁ። ዛሬ የመጣሁት ስለ አንድ ቃል ላጫውታችሁ ነው። ቃሉ ከላቦራቶሪ በሚወጣ የውጤት ወረቀት ላይ ከኬሚካሉ ስም ትይዩ ይጻፋል፦ «አልተገኘም»። ወረቀቱን የሚቀበል ሰው ይህን ቃል ሲያይ ፊቱ ይፈታል፤ አጣጥፎ ኪሱ ይከተዋል። እኔ ደግሞ ቃሉን ለዓመታት ስጽፍ ኖሬአለሁ። በሙሉ ልብ የጻፍኩባቸው ቀናት አሉ፤ እጄ ከብዶኝ የጻፍኩባቸውም አሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምን እንደሆነ ላሳያችሁ እፈልጋለሁ።

ከመጠኑ እንጀምር። የአውሮፓ ኅብረት ለመጠጥ ውሃ ያወጣው ወሰን ለአንድ የፀረ-ተባይ ዓይነት በሊትር 0.1 ማይክሮግራም ነው፤ ሁሉም ሲደመሩ ደግሞ ከ0.5 ማይክሮግራም መብለጥ የለባቸውም። ቁጥሩ እንዲሁ ሲሰማ ምንም አይናገርም። እንመንዝረው፦ 1 ሚሊግራም በ10,000 ሊትር ውስጥ ማለት ነው። አንድ ሁለት የስኳር ቅንጣት ቦቴ ሙሉ ውሃ ውስጥ ጣሉና በደንብ በጥብጡት፤ ከዚያ አንድ ብርጭቆ ቀድታችሁ «እዚህ ውስጥ ምን አለ? ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁኝ። ሥራዬ ይህ ነው።

ለፍራፍሬና ለሌሎች ሰብሎች ያለው አሠራር ትንሽ ይለያል። ለእያንዳንዱ ኬሚካልና ለእያንዳንዱ ሰብል የራሱ ከፍተኛ የቅሪት ወሰን ይወጣለታል፤ የራሱ ወሰን ያልተቀመጠለት ከሆነ በአውሮፓ ሕግ በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ይያዝለታል። አሁን አንድ ሊትር የፍራፍሬ ጭማቂ አስቡ። ውስጡ ወደ 100 ግራም ስኳር አለ። የምፈልገው ቅሪት 10 ማይክሮግራም ቢሆን ስኳሩ ብቻ በክብደት አሥር ሚሊዮን እጥፍ ይበልጠዋል። አሲዱ፣ ቀለሙ፣ መዓዛ የሚሰጡት ዘይቶች ገና አልተቆጠሩም። ብዙ ሰው «ማሽኑ ይህን ያህል ትንሽ ነገር እንዴት ያያል?» ብሎ ይገረማል። የዛሬ ማሽን ያያል። ጭንቀቱ ሌላ ነው፤ አሥር ሚሊዮን ሰው በሚጮህበት አደባባይ የአንድን ሰው ሹክሹክታ ለይቶ መስማት ነው።

ቅሪቱ ወደ መጠጡ የሚገባባቸው በሮች ብዙ ናቸው። ፍሬው ላይ ተረጭቶ ከልጣጩ ጋር ይጨመቃል። ገብሱ ላይ፣ ጌሾው ላይ፣ ወይኑ ላይ፣ የሻይ ቅጠሉ ላይ ይቀራል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው በር ግን ውሃው ራሱ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በሕንድ የሳይንስና አካባቢ ማዕከል የተባለው ተቋም 12 የለስላሳ መጠጥ ዓይነቶችን መርምሮ ሊንዴን፣ የዲዲቲ ቅሪት፣ ማላታዮንና ክሎርፓይሪፎስ እንዳገኘ ሲያሳውቅ አገሩ ተናወጠ። በለስላሳ መጠጥ ውስጥ ማሳ ላይ የሚረጭ ነገር ከየት መጣ? ጥርጣሬው ያረፈው መጠጡ በሚሠራበት የከርሰ ምድር ውሃ ላይ ነበር። ኩባንያዎቹ የምርመራውን ዘዴ ተቃወሙ። ጉዳዩ እስከ ፓርላማ ዘልቆ ለዚሁ የተቋቋመ የጋራ ኮሚቴ በ2004 ግኝቱን ተቀብሎ ደረጃ እንዲወጣ አሳሰበ። ያን ክርክር ሳስብ የሚታየኝ አንድ ነገር ነው፦ በመላው ጭቅጭቅ መካከል የነበረው ጥያቄ «በምን ዘዴ ለካችሁት?» የሚል ነበር። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እንግዲህ ወደ ዘዴው እንግባ።

ጭማቂውን እንዳለ ማሽኑ ውስጥ ማስገባት አይቻልም፤ ስኳሩ መሣሪያውን ይደፍነዋል። ስለዚህ ቅሪቱን ከጭማቂው አውጥተን ወደ ሌላ ንጹሕ ፈሳሽ ማሻገር አለብን። ድሮ ይህ ሥራ በሊትር የሚቆጠር ኬሚካልና ሙሉ ቀን ይፈጅ ነበር። በ2003 ሚኬላንጄሎ አናስታሲያደስ፣ ስቲቨን ሌሆታይና ባልደረቦቻቸው «ካቸርስ» የሚባለውን ዘዴ አሳተሙ። በእኔ እምነት ለዚህ ሙያ ከማንኛውም ውድ ማሽን በላይ ባለውለታው ይህ ዘዴ ነው። አሠራሩ ደግሞ ወጥ ቤት ውስጥ የተፈለሰፈ ይመስላል።

አሥር ሚሊሊትር ጭማቂ በክዳን ቱቦ ውስጥ ይደረጋል። አሥር ሚሊሊትር አሴቶናይትራይል ይጨመርበታል። ይህ ፈሳሽ ከውሃ ጋር ተስማምቶ የሚዋሐድ ነው፤ ስትንጡት አንድ ይሆናሉ። ከዚያ አራት ግራም ማግኒዚየም ሰልፌትና አንድ ግራም የገበታ ጨው ይገባል። ወዲያው ቱቦው እጅ ላይ ይሞቃል፤ ማግኒዚየም ሰልፌቱ ውሃውን ሲይዝ ሙቀት ይለቃልና ነው። ጨው የበዛበት ውሃ አሴቶናይትራይሉን አላስጠጋ ይለዋል፤ ሁለቱ ይለያያሉ። ሴንትሪፊውጅ ውስጥ ከተሽከረከረ በኋላ አሴቶናይትራይሉ ከላይ ይቀመጣል፤ አብዛኛውን ፀረ-ተባይ ይዞ ነው የሚወጣው። ስኳሩ ከውሃው ጋር ከታች ይቀራል። መጀመሪያ ጊዜ ይህን መስመር በዓይኔ ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። ያ ሁሉ ጫጫታ በአንድ እፍኝ ጨው ወደ ታች ሲወርድ ማየት ደስ ይላል።

ከላይ የተቀመጠው ፈሳሽ ግን ገና አልጠራም። ፒ ኤስ ኤ የሚባል ዱቄት ይገባበትና አሲዶቹንና የቀሩትን ስኳሮች ይይዛል። ቀለም ለበዛበት ናሙና የካርቦን ዱቄት ይጨመራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካርቦን እንደ ጠፍጣፋ ሰሌዳ የተዘረጉ ሞለኪውሎችን ይወዳል፤ ቀለሙን ሲለቅም በብርቱካንና መሰል ፍሬዎች ላይ በብዛት የሚገኘውን ታያቤንዳዞል የተባለ ፀረ-ፈንገስ አብሮ ይለቅመዋል። እንክርዳዱን ሲነቅሉ ስንዴውን አብሮ መንቀል እንደሚባለው ነው። ናሙናው ጠርቶ ያምራል፤ ማሽኑ ደስ ይለዋል፤ ወረቀቱ ላይ «ታያቤንዳዞል፦ አልተገኘም» ተብሎ ይጻፋል። የጠፋው ግን እኛው እጅ ላይ ነው።

እያንዳንዱ መጠጥ የራሱ ጠባይ አለው። ጋዝ ያለው መጠጥ በመጀመሪያ ጋዙ መውጣት አለበት፤ አለበለዚያ የቀዳችሁት አሥር ሚሊሊትር ውስጥ ስንቱ አረፋ እንደሆነ አታውቁም። በአልኮል መጠጥ ውስጥ ያለው አልኮል ከአሴቶናይትራይሉ ጋር አብሮ ወደ ላይ ስለሚወጣ የፈሳሹን መጠን ያዛባል። ካፕታንና ፎልፔት የተባሉት ፀረ-ፈንገሶች ደግሞ አሲድነት ባለው ጭማቂ ውስጥ ረግተው ይቆያሉ፤ አልካሊ ሲነካቸው ይፈርሳሉ። ፒ ኤስ ኤው ራሱ አልካሊ ስለሆነ ከማጥራቱ በኋላ ጥቂት ፎርሚክ አሲድ ጠብ ይደረጋል። ይህች ጠብታ ከተረሳች ካፕታን እየጠበቀ አይቆይም።

አሁን ማሽኑ ጋ ደረስን። መለየቱ የሚከናወነው በክሮማቶግራፊ ነው። ሚኻይል ትስቬት የተባለ ሩሲያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የቅጠል ቀለሞችን በኖራ ድንጋይ ዱቄት በተሞላ ቱቦ ውስጥ አሳልፎ አረንጓዴውና ቢጫው በየደረጃው ሲለያዩ አየ። ዘዴውን በግሪክኛ «የቀለም ጽሕፈት» ብሎ ሰየመው፤ የራሱ የቤተሰብ ስም በሩሲያኛ «ቀለም» ማለት መሆኑ ሁልጊዜ ያስደስተኛል። ዛሬ ቱቦው ቀጭን፣ ግፊቱ ከፍተኛ ሆነ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው፤ አብረው የገቡ ነገሮች ለቱቦው ባላቸው ፍቅር መጠን በተለያየ ደቂቃ ይወጣሉ። በቀላሉ የሚተኑትን በጋዝ፣ የማይተኑትን በፈሳሽ ክሮማቶግራፊ እንለያለን።

ከቱቦው የሚወጣውን የሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትር ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ትልቁ እመርታ ጄምስ ላቭሎክ በ1957 የሠራው የኤሌክትሮን መያዣ መሣሪያ ነው። ክሎሪን ያላቸውን እንደ ዲዲቲ ያሉ ኬሚካሎች በሚያስገርም ጥቃቅን መጠን ያነፈንፍ ነበር። ግን ማንነታቸውን መናገር አይችልም፤ «እዚህ ደቂቃ ላይ አንድ ነገር አልፏል» ብቻ ይላል። ማስ ስፔክትሮሜትር ግን ይመዝናል፣ ይሰብራል፣ ስባሪውን መልሶ ይመዝናል።

በካርቤንዳዚም ላሳያችሁ። ይህ ፀረ-ፈንገስ ኤሌክትሪክ ሙላት ይዞ ሲገባ በሞለኪውል ሚዛን 192 ይመዝናል። መሣሪያው 192 የሚመዝኑትን ብቻ አሳልፎ በጋዝ ያጋጫቸዋል። መጀመሪያ 32 የሚመዝን ሜታኖል ተገንጥሎ 160 ይቀራል፤ ከዚያ 28 የሚመዝን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወጥቶ 132 ይሆናል። እኛ «ካርቤንዳዚም ነው» ለማለት 160ውም 132ውም መገኘት አለባቸው። የሁለቱ የብዛት ሬሾ ንጹሑ ኬሚካል ከሚያሳየው ከ30 በመቶ በላይ መራቅ የለበትም። ከቱቦው የወጣበት ጊዜ ደግሞ ከሚጠበቀው በ0.1 ደቂቃ እንኳ ማለፍ የለበትም። አንዱ ከጎደለ ስሙን አንጽፍም። ይህን ያህል ማጥበቅ የፍርድ ጉዳይ ነው፤ ከምንጽፈው ቁጥር የተነሣ አንድ ሙሉ ጭነት ሊደፋ ይችላል።

የሚያስቸግረው ግን ስሙ ሳይሆን መጠኑ ነው። በፈሳሽ ክሮማቶግራፊ የሚወጣው ነገር ወደ ማስ ስፔክትሮሜትሩ የሚገባው በኤሌክትሪክ ጉልበት ወደ ደቃቅ ጤዛ ተበትኖ ነው፤ ጆን ፌን በ2002 የኖቤል ሽልማት የተካፈለበት ዘዴ ነው። በእያንዳንዷ ጠብታ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ሙላት ውስን ነው። ከካርቤንዳዚሙ ጋር በአንድ ደቂቃ የወጣ የብርቱካን ነገር ካለ ሙላቱን ይሻማዋል። ካርቤንዳዚሙ አለ፤ ግን ድምፁ ይታፈናል። በንጹሕ ፈሳሽ ላይ 10 ሆኖ የሚታየው በጭማቂ ውስጥ 4 መስሎ ሊታይ ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ መለኪያ መስመራችንን፣ ማለትም መጠናቸው ከታወቀ ናሙናዎች የምንሠራውን ማነጻጸሪያ፣ በንጹሕ ፈሳሽ ሳይሆን ቅሪት በሌለበት ያው ዓይነት ጭማቂ ውስጥ ማዘጋጀት ነው። እኔ የበለጠ የምወደው ግን ማቅጠንን ነው። መሣሪያው ካልደከመ ናሙናውን አሥር እጥፍ አቅጥኑት፤ ጫጫታውም አሥር እጥፍ ይቀንሳል። ገንዘብ ያላቸው ደግሞ ሃይድሮጂኑ በከባዱ ሃይድሮጂን የተተካ ያንኑ ኬሚካል ገና ከመነሻው ጨምረው፣ እሱ የደረሰበትን ሁሉ ሌላውም እንደደረሰበት አድርገው ያሰላሉ።

ዘዴው መሥራቱ የሚታወቀው ደግሞ ራሳችን በመፈተን ነው። ንጹሕ ጭማቂ ውስጥ የታወቀ መጠን እንጨምራለን፤ ያንኑ ሂደት አሳልፈን ስንቱ እንደተመለሰ እናያለን። በአውሮፓ መመሪያ መሠረት ከ70 እስከ 120 በመቶ መመለስ አለበት፤ ሲደጋገምም መዋዠቁ ከ20 በመቶ መብለጥ የለበትም።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ የፖም ጭማቂ ውስጥ ክሎርፓይሪፎስ አገኘሁ። ስባሪዎቹ ተሟልተዋል፣ ሬሾው ልክ ነው፣ ደቂቃው ልክ ነው። ሪፖርቱን ጽፌ ወደ አለቃዬ ወሰድኩ። ወረቀቱን እንኳ አላነበበችውም። «ከዚህ በፊት ምን ነበር የገባው?» አለችኝ። ቅደም ተከተሉን አየን። ከዚያ ናሙና ፊት የገባው የመለኪያ መስመሩ ትልቁ መጠን ነበር፤ መርፌው ላይ የቀረ ጥቂት ነገር ወደ ፖሙ ጭማቂ ተሻግሯል። በመካከላቸው ባዶ ፈሳሽ አላስገባሁም። ናሙናውን ደግመን ስናስገባው ምንም የለም። ያ ወረቀት ወጥቶ ቢሆን ምንም ያላደረገ አምራች ስሙ በጠፋ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የውጤት ወረቀት ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የማየው ናሙናውን ሳይሆን ባዶውን ነው።

እስካሁን ያወራሁት በአንድ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኬሚካሎችን ስለሚይዝ ዘዴ ነው። በመላው ዓለም ግን ከ1,000 በላይ ፀረ-ተባዮች ሥራ ላይ ናቸው፤ ማሽኑም የሚያየው እንዲያይ የነገርነውን ብቻ ነው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግላይፎሴት ነው። በዓለም ላይ እጅግ ከሚረጩት አረም ማጥፊያዎች አንዱ ሆኖ ሳለ ውሃ ወዳድ በመሆኑ በካቸርስ ወደ ላይ አይወጣም፤ ከስኳሩ ጋር ታች ይቀራል። ለብቻው በአሲዳማ ሜታኖል የሚወጣበት የተለየ ዘዴ ይፈልጋል። እንደ ማንኮዜብ ያሉ ፀረ-ፈንገሶች ደግሞ በውሃም በኬሚካልም አይሟሙም። በአሲድ አፍልተን ሰብረን የሚወጣውን ካርቦን ዳይሰልፋይድ ነው የምንለካው፤ ስለዚህ ከቤተሰቡ አባላት የትኛው እንደተረጨ ውጤቱ አይናገርም። እንግዲህ 500 ስም የተደረደረበትና ሁሉም ፊት «አልተገኘም» የተባለ ወረቀት ግላይፎሴትን ጨርሶ ሳይጠይቅ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ አልዋሸም። አንባቢው ግን ተታሏል።

ምኑ እንደተለካም መጠየቅ አለበት። የሻይ ወሰን የሚወጣው ለደረቁ ቅጠል ነው፤ የምንጠጣው ግን ውሃውን ነው። እንደ ባይፈንትሪን ያሉ ውሃ የሚጠሉ፣ ፓይረትሮይድ የተባሉ የነፍሳት ማጥፊያዎች አብዛኛው ክፍላቸው ከቅጠሉ ጋር ይጣላል። እንደ ኢሚዳክሎፕሪድና አሴታሚፕሪድ ያሉት ግን በሙቅ ውሃ በቀላሉ ወደ ስኒው ይወርዳሉ። ስለዚህ ቅጠሉ ላይ እኩል የተመዘገቡ ሁለት ቁጥሮች ስኒው ውስጥ እኩል አይደሉም። የብርቱካን ጭማቂም እንደዚሁ በብዛት የሚጓጓዘው ተጨምቆ ውሃው ከተነነ በኋላ ነው፤ ሲጠጣ ወደ ስድስት እጥፍ ገደማ ይቀጥናል። በ2011 መጨረሻ አንድ የጭማቂ ኩባንያ በራሱም በተወዳዳሪዎቹም ምርት ውስጥ ካርቤንዳዚም እንዳገኘ ለአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አሳወቀ። ኬሚካሉ በብራዚል ብርቱካን ላይ የተፈቀደ፣ በአሜሪካ ግን በብርቱካን ላይ ያልተፈቀደ ነበር። አስተዳደሩ በ2012 መጀመሪያ ከ10 ክፍል በቢሊዮን (በኪሎ 10 ማይክሮግራም) በላይ የያዘ ከውጭ የሚገባ ጭማቂ እንዲታገድ ወሰነ። በዚያን ጊዜ በአውሮፓ በብርቱካን ላይ የተፈቀደው 200 ነበር። ኬሚካሉ ያው፣ ፍሬው ያው፣ ሕጉ ግን ሌላ። እንዲህ ባለ ጥብቅ ወሰን ላይ ናሙናው እንደወፈረ ይለካ ወይስ ቀጥኖ የሚለው ጥያቄ ብቻውን ጭነቱን ሊያሳልፈውም ሊያስቆመውም ይችላል።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላስ? በ2016 ሙኒክ የሚገኝ አንድ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም 14 የጀርመን ቢራዎችን መርምሮ ግላይፎሴት አገኘ፤ ትንሹ በሊትር 0.46፣ ትልቁ 29.74 ማይክሮግራም። ተቋሙ ትልቁ ለመጠጥ ውሃ ከተፈቀደው 300 እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው አለ። እውነት ነው፤ 0.1ን በ300 አባዙት። የጀርመን የስጋት ምዘና ተቋም ደግሞ ጉዳት እንዲያደርስ አንድ ሰው በቀን ወደ 1,000 ሊትር ቢራ መጠጣት አለበት አለ። ይህም ስሌት ነው፤ በየቀኑ ቢወሰድ ችግር የለውም የተባለው መጠን በኪሎ የሰውነት ክብደት 0.5 ሚሊግራም ነው፣ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 30 ሚሊግራም ይሆናል፣ በሊትር 30 ማይክሮግራም ካለው ቢራ ያን ለማግኘት 1,000 ሊትር ያስፈልጋል። ሁለቱም ከአንድ ቁጥር ተነሥተው እውነት ተናገሩ። የውሃው ወሰን «እዚህ ውስጥ መገኘት የለበትም» ከሚል አቋም የወጣ ነው፤ ሁለተኛው ከመርዛማነት ጥናት የወጣ ነው። እኔ ለሁለቱም ቦታ እሰጣለሁ። ማንም ሳይፈቅድ ወደ መጠጡ የገባን ነገር «አይጎዳችሁም» ብሎ ማለፍ በቂ መልስ አይመስለኝም። «300 እጥፍ» ብሎ ሰውን ማስደንገጥም መልስ አይደለም።

ወሰን አልፏል ለማለትም የራሱ ሥርዓት አለው። የዚህ ምርመራ ውጤት ከእውነተኛው ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ሲሰላ በአውሮፓ ላቦራቶሪዎች ዘንድ የተለመደው ወደ ላይም ወደ ታችም የ50 በመቶ ስፋት ነው። ወሰኑ በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ሆኖ እኔ 0.014 ባገኝ፣ እውነተኛው ከ0.007 እስከ 0.021 ባለው መካከል ሊሆን ይችላል፤ አምራቹን ጥፋተኛ አልለውም። 0.024 ባገኝ ግን ዝቅተኛው ጫፍ እንኳ 0.012 ነው። ያኔ በመጀመሪያው ቀን ከፍለን በማቀዝቀዣ ያስቀመጥነውን ሌላውን ግማሽ አውጥተን ከሀ ጀምረን እንደገና እንሠራዋለን፣ የሚቻል ከሆነ በሌላ ሰው እጅ።

ስለዚህ የውጤት ወረቀት ሲደርሳችሁ «አልተገኘም» የሚለውን ከማንበባችሁ በፊት ጎኑ ያለውን ዓምድ ፈልጉ፤ ዘዴው ሊለካ የሚችለው ዝቅተኛ መጠን የተጻፈበትን። 0.01 ከሆነ አንድ ነገር ነው፣ 0.5 ከሆነ ሌላ። ዓምዱ ከሌለ ላቦራቶሪውን ጠይቁት። የተፈለጉትን ኬሚካሎች ዝርዝር ጠይቁ፤ ግላይፎሴት በዝርዝሩ ውስጥ አለ ወይ በሉ። ሲፈተን ስንት በመቶ እንደተመለሰ ጠይቁ። ደህና ላቦራቶሪ በእነዚህ ጥያቄዎች አይቀየምም፤ መልሱን ከመዝገቡ አውጥቶ ያሳያችኋል። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ካሉት እንጀምር።